ጢስ አጥር አያግደውም፤ በአደባባይ ስለ ማጨስ የወጣው ሕግና የባልንጀራ ፍቅር

በስመ አብ፣ ወወልድ፣ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ። አሜን።



በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ትእዛዝ አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ፣ ማንም ከዚያ ወድቆ ቢሞት የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ሙሴ ያዝዛል። የእኛ የሣር ክዳንም ሆነ ቆርቆሮ ሰው የሚመላለስበት ስላልሆነ ትእዛዙ እንግዳ ሊመስለን ይችላል። በእስራኤል ሀገር ግን ጣራ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይተኛበታል፣ እህል ያሰጣበታል፣ ይጸልይበታል፣ እንግዳም ይቀበልበታል። ሕጉ እንግዳውን «አንተ ተጠንቀቅ» አላለውም፤ ባለቤቱን «አንተ መከታ ሥራ» አለው እንጂ።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 ደግሞ ይህንኑ የሚመስል ሌላ ትእዛዝ እናገኛለን። አንድ ሰው እሳት ቢለኩስ፣ እሳቱም እሾህ ይዞ ወደ ባልንጀራው ክምር ወይም ወደ ቆመ እህሉ ቢሻገር፣ የለኰሰው ሰው ይከፍላል። ምንጣሮ የሚያቃጥል ገበሬያችን ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓት ያያል፤ የድንበሩን ሣር አስቀድሞ ያጸዳል። እሳቱ ከተሻገረ በኋላ «እኔ የለኰስሁት በገዛ መሬቴ ላይ ነው» ቢል የሚሰማው ሽማግሌ አያገኝም።

የዛሬው ትምህርታችን በአደባባይና በደጅ ትምባሆ ማጨስን ስለሚገድበው ሕግ ነው። «ይህ የጤና ጥበቃ ጉዳይ አይደለምን? በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ ምን ሊሠራ መጣ?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ ከላይ ባየናቸው ሁለት ትእዛዛት ውስጥ ነው። እግዚአብሔር ስለ ጣራ መከታና ስለ ምንጣሮ እሳት የተናገረው፣ የሰው ልጅ በገዛ ይዞታው የሚያደርገው ነገር ወደ ባልንጀራው መሻገሩን ስለሚያውቅ ነው። ጢስም እንዲሁ ነው፤ አጥር አያግደውም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሀገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከዚያ በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅን፣ ይኸውም አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን አጸደቀ። አዋጁ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች፣ በሥራ ቦታዎችና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ፈጽሞ ከልክሏል። ወደ ደጅም ወጥቷል። ሕዝብ ከሚገለገልበት ስፍራ ወይም ከሥራ ቦታ በር፣ ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስ አይፈቀድም። በሕክምና ተቋማትና በትምህርት ቤቶች ደግሞ ክልከላው ግቢውን በሙሉ ያጠቃልላል፤ የአትክልቱ ስፍራም፣ ሜዳውም፣ የዛፉም ጥላ ከዚያ ውስጥ ነው። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥም፣ ሲጋራን በፍሬ መቸርቸርም በዚሁ አዋጅ ተከልክሏል።

ይህ የሀገራችን ብቻ መንገድ አይደለም። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ርቀቱን እስከ 50 ሜትር አድርሳዋለች። ሜክሲኮ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልከላውን መናፈሻና የባሕር ዳርቻን ወደ መሳሰሉ የሕዝብ መዝናኛዎች አስፍታዋለች። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሚላኖ ከተማ ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከሌሎች ሰዎች 10 ሜትር ካልራቁ በቀር፣ በመንገድም ሆነ በአደባባይ ማጨስ አይፈቀድም። ፈረንሳይም በዚያው ዓመት ከሰኔ 29 ቀን ጀምሮ በመናፈሻዎች፣ በባሕር ዳርቻዎች፣ በአውቶቡስ መጠበቂያዎችና በትምህርት ቤቶች አካባቢ ከልክላለች።

በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት፣ ከመቶ አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህል እንደ ሆኑ ታውቋል። ቁጥሩ ከብዙ ሀገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው፤ ለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን አምስቱ ሲያጨሱ አብረዋቸው የሚተነፍሱት ከዘጠና አምስቱ ወገን ናቸው። አጥር የሚታጠረው ከብቱ ማሳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንጂ ከገባ በኋላ አይደለም።

«በነፋስ ላይ ማንን እጎዳለሁ?»

በብዙዎች አንደበት የሚገኘው መከራከሪያ ይህ ነው። «ቤት ውስጥ አታጭስ ስባል እሺ ብያለሁ። አሁን ደግሞ ከሰማይ በታች በተገለጠ ስፍራ አታጭስ ማለት ምን ማለት ነው? ነፋሱ ይወስደው የለምን?»

ይህን ጥያቄ በቅንነት ልንመልሰው ይገባል። እውነት ነው፤ ነፋስ ጢስን ይበትናል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በደጅ የሚጨስ ሲጋራ ጢስ ሲጋራው እንደ ጠፋ ፈጥኖ እንደሚጠፋ፣ ከሁለት ሜትር ያህል በራቀ ሰው ላይም እጅግ እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። ነገር ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች፣ ሲጋራው እየጨሰ ሳለ ከአጫሹ አጠገብ፣ ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል የተቀመጠ ሰው የሚተነፍሰው ጢስ በቤት ውስጥ ከሚተነፍሰው ጋር ሊተካከል እንደሚችል አግኝተዋል።

እንግዲህ ጥያቄው «ደጅ ነው ወይስ ቤት?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «አጠገቤ ማን አለ?» የሚል ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ በሰውና በሰው መካከል ሁለት ሜትር አለን? ሕፃን አዝላ የተሰለፈች እናት ከፊቷ የቆመው ሰው ሲጋራ ቢለኩስ ወዴት ትሂድ? ከሰልፉ ብትወጣ ተራዋን ታጣለች፤ ብትቆይ ልጇ ጢሱን ይተነፍሳል። አስም ያለበት ሰው ከሐኪም ቤት ደጃፍ ሲወጣ፣ አስታማሚዎች ተሰብስበው በሚያጨሱበት መካከል ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በለቅሶ ድንኳን አፍ ላይ የተቀመጡ አረጋውያን ሐዘንተኛውን ትተው አይነሡም። በሰገነቱ ላይ የሚያስተናግደው ልጅ የዕለት እንጀራው ከዚያ ስለሆነ ትሪውን ጥሎ አይሸሽም። አጫሹ መሄድ ይችላል፤ እነዚህ ግን አይችሉም። ሕጉ የቆመው መሄድ ለማይችሉት ነው።

ትምባሆ ቀላል ጢስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን የትምባሆ ጢስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ሊቃውንት ደርሰውበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነርሱም መካከል ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው የማያጨሱ፣ የሌላውን ጢስ የሚተነፍሱ ናቸው። ድርጅቱ «ይህን ያህል ቢተነፍሱት አይጎዳም» የሚባል መጠን እንደሌለም ያስተምራል።

ሌላም ነገር አለ፤ የሕፃን ዓይን። ጢሱ በነፋስ ቢበተንም ምሳሌው አይበተንም። ልጅ የሚማረው ከምንነግረው ይልቅ ከሚያየው ነው። በትምህርት ቤት ደጃፍ፣ በእግር ኳስ ሜዳ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚያጨስ የተከበረ ሰው ሳያውቀው መምህር ሆኗል። ስለ ታናናሾች መሰናክል ጌታችን የተናገረውን ጽኑ ቃል (ማቴ. 18፥6) እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ሕግና ኅሊና

አንዳንድ ክርስቲያን «ኃጢአት የሚሆነው ዐሥርቱ ትእዛዛትን ማፍረስ ነው፤ የመንግሥት ደንብ መጣስ ግን ካልተያዙ በቀር ምንም አይደለም» ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር አይስማማም።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ሕግ ሕግ ሊባል የሚገባው አራት ነገሮችን ሲያሟላ ነው ይላል፤ በአእምሮ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለጋራ ጥቅም የቆመ ሲሆን፣ ስለ ሕዝቡ ኀላፊነት ባለው ሥልጣን የወጣ ሲሆንና በይፋ የተነገረ ሲሆን። በእነዚህ መለኪያዎች ሕጋችንን እንመዝነው። በአእምሮ የተመሠረተ ነውን? አዎን፤ የጢሱ ጉዳት በብዙ ምርምር የተረጋገጠ ነው። ለጋራ ጥቅም ነውን? አዎን፤ የሚያጨሰውንም የማያጨሰውንም ይጠብቃል። ያወጣው ባለ ሥልጣን ነውን? አዎን፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በይፋ ተነግሯልን? አዎን፤ በነጋሪት ጋዜጣ ታውጇል።

ይኸው ቅዱስ ሊቅ የሰው ሕግ ክፉ ልማዶችን ሁሉ እንደማይከለክል፣ ይልቁንም ሌሎችን የሚጎዱትንና ካልተገቱ የሰው ኑሮ ሊጸና የማይችልባቸውን እንደሚከለክል አስተምሯል። እርሱ ባረፈበት በ1274 እ.ኤ.አ. ትምባሆ በአውሮፓ አይታወቅም ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለዛሬው ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል። ሕጉ ሰውን በግዳጅ ጻድቅ ሊያደርገው አልተነሣም፤ በገዛ ቤቱ ብቻውን የሚያጨሰውንም ሊያድን አልወጣም። ጢሱ ወደ ባልንጀራ በሚሻገርበት ድንበር ላይ ቆሞ «እስከዚህ ብቻ» ይላል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም» በተሰኘው ሐዋርያዊ ደንብ፣ በቁጥር 30፣ ጤናን ለመጠበቅ የወጡ ደንቦችንና የተሽከርካሪ ፍጥነትን የሚወስኑ ሕጎችን የሚንቁ ሰዎችን ይወቅሳል፤ በዚህ ቸልታቸው የራሳቸውንና የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ እንደሚጥሉ አያስተውሉምና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2288 ሕይወትና ጤና ከእግዚአብሔር በአደራ የተሰጡን ክቡር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ የሌሎችንም ፍላጎትና የጋራ ጥቅምን እያሰብን ልንጠብቃቸው እንደሚገባ ያስተምራል። በቁጥር 2290 ደግሞ ራስን የመግዛት ምግባር ከምግብ፣ ከአልኮል፣ ከትምባሆና ከመድኃኒት ያለ አግባብ አጠቃቀም እንድንርቅ እንደሚያደርገን ይገልጻል። ትምባሆ በስሙ መጠራቱን ልብ በሉ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለሥልጣን መታዘዝ ቅጣትን ስለ መፍራት ብቻ ሳይሆን ስለ ኅሊና ነው ይላል (ሮሜ 13፥5)። እንግዲህ የደንብ አስከባሪ በሌለበት፣ ማስታወቂያ ባልተለጠፈበት፣ ሁሉም በሚያጨስበት ስፍራ የክርስቲያን ምግባር ይፈተናል። ይኸው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሥጋ መብላት በጻፈው (1ቆሮ. 8) ከዚህ ከፍ ያለ ነገር ተናግሯል። ሥጋውን መብላት መብቱ ነበር፤ ሥጋውም በራሱ መርዝ አልነበረም። ነገር ግን የደካማው ወንድሙን ኅሊና የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሊተወው ፈቀደ። ጳውሎስ ማንንም በማይመርዝ ነገር ስለ ወንድሙ ብሎ መብቱን ከተወ፣ እኛ የወንድማችንን ሳንባ በሚጎዳ ነገር «መብቴ ነው» ልንል እንዴት ይቻለናል? «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል፤ የክርስቶስ ፍቅር ግን ለባልንጀራ አስበልጦ መቁረስን ያስተምራል።

ደግሞስ ሕጉ የጠየቀን ምንድን ነው? 10 ሜትር ነው፤ ዐሥራ አምስት ርምጃ ያህል። ጌታችን አንድ ምዕራፍ እንድትሄድ ከሚያስገድድህ ሰው ጋር ሁለት ሂድ ብሎናል (ማቴ. 5፥41)። ዐሥራ አምስት ርምጃ የከበደው ሰው ሁለተኛውን ምዕራፍ እንዴት ሊሄድ ነው?

ከታሪክ የምንማረው

ትምባሆና የቤተ ክርስቲያን ደጅ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1642 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ በስፔን የሴቪሊያ ሀገረ ስብከት ካህናት ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት፣ በዚያ ሀገረ ስብከት አብያተ ክርስቲያናትና በደጀ ሰላማቸው ትምባሆ የሚጠቀም ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት እንዲለይ አዘዙ። በ1650 እ.ኤ.አ. ኢኖቸንሲዮስ 10ኛ ተመሳሳይ ትእዛዝ በሮም ለቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ አወጡ። ከ70 ዓመታት በላይ ቆይቶ ግን ቤነዲክቶስ 13ኛ ይህን ከባድ ቅጣት አነሡት። የቅዱሱ ስፍራ ክብር ሳይቀንስ የቅጣቱ ልክ ታረመ።

በእኛም ሀገር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጤሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን እስከ ማስቆረጥ የደረሰ ቅጣት ይቀጡ እንደ ነበር ይነገራል። ጋያውና ሱረቱ ግን በዚያ ቅጣት ከምድሪቱ አልጠፉም። ከዚህ የምንማረው ልኩን ያለፈ ቅጣት ሥጋን ሊያቆስል እንጂ ልማድን ሊነቅል እንደማይችል ነው። የዛሬው ሕግ ሰውነትን አይቆርጥም፤ ጥቂት ፈቀቅ እንድንል ይጠይቃል።

በዘመናችን የቫቲካን ከተማ መንግሥት ከሐምሌ 1 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዝግ ስፍራዎች ማጨስን ከልክሏል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቫቲካን ውስጥ ሲጋራ መሸጥ እንዲቆም ወሰኑ። ሽያጩ ለቅድስት መንበር ገቢ ያስገባ ነበር፤ ነገር ግን የሰውን ጤና በግልጽ ከሚጎዳ ነገር የሚገኝ ትርፍ ለቤተ ክርስቲያን አይገባም ተባለ። ይህ ሱቅ ላላቸው ምእመናኖቻችን ትልቅ ትምህርት ነው።

የሚጤሰው የጧፍ ክር

ክቡራን ምእመናን፤ እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ በአንድ ነገር ካልታረመ ወደ ፈሪሳዊነት ሊወስደን ይችላል። በትምባሆ የተያዘ ሰው ጠላታችን አይደለም። ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ በሴኮንዶች ውስጥ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ዕለት ዕለት ሲደጋገምም ሰውን እንደ ባሪያ ይይዘዋል። ብዙዎች የጀመሩት ልጆች ሳሉ ነው። ብዙዎች በሌሊት ጥበቃ ብርድ፣ በረጅም መንገድ ሹፍርና፣ በረኃብና በብቸኝነት ውስጥ ነው የለመዱት። ለመተው ሞክረው የወደቁ፣ ስለዚህም በልባቸው የሚያለቅሱ አሉ።

«ዓመል ያወጣል ከመሐል» ይላል የሀገራችን ሰው። ሕጉ አጫሹን ከበሩ 10 ሜትር ያወጣዋል፤ ይህ ተገቢ ነው። ከልባችን መካከል ግን ልናወጣው አይገባም። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ እግዚአብሔር አገልጋይ ሲናገር የሚጤሰውን የጧፍ ክር እንደማያጠፋ አመልክቷል (ኢሳ. 42፥3)። ጢሱ እንዲጠፋ እንሥራ፤ ክሩ ግን እንዳይጠፋ እንጠንቀቅ። ክሩ ሰው ነውና፤ ክርስቶስም ዳግም ሊያበራው ይፈልጋል።

ለሚያጨሱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተስፋ አለ። ሰው ማጨስን ባቆመ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ መርገብ ይጀምራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በልብ ሕመም የመያዙ አደጋ ከሚያጨስ ሰው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሥጋ የተፈጠረው እንዲፈወስ ሆኖ ነው። ስለዚህ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሐኪም አማክሩ፤ ለንስሓ አባታችሁ ንገሩ፤ በዐቢይ ጾም ወቅት አንድ ቀን፣ ከዚያም ሳምንት እያላችሁ ጀምሩ። ብትወድቁ ተነሡ። እስክትተዉት ድረስ ግን የሌላውን እስትንፋስ ጠብቁ፤ ይህ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል የፍቅር ሥራ ነው።

ሁለት ነገሮችን ስለ ፍትሕ ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ሕግ ፊት አይቶ መድላት የለበትም። በታክሲ ሰልፍ ላይ ያለው የቀን ሠራተኛ እየተገሠጸ፣ በታላቅ ሆቴል ሰገነት ላይ ያለው ባለጸጋ «ክቡር እንግዳ ነው» ተብሎ ከታለፈ፣ ቅዱስ ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ስላደረገውና እድፍ ልብስ ስለለበሰው ሰው የጻፈው ወቀሳ (ያዕ. 2፥1-4) በእኛ ላይ ይፈጸማል።

ሁለተኛው፣ በየመንገዱ ማስቲካና ሶፍት ከሲጋራ ጋር ይዘው ስለሚዞሩት ልጆች ነው። ሕጉ ሲጋራን በፍሬ መሸጥ ከልክሏል፤ የልጁ እራት ግን ከዚያች ፍሬ ትርፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ልጁን ማሳደድ መፍትሔ አይሆንም። ከእርሱ የሚገዛው ዐዋቂ ነው፤ «ሂድና አንድ ሲጋራ ገዝተህ፣ ለኩሰህ አምጣልኝ» ብሎ የገዛ ልጁን የሚልከውም አባት ነው። ሕጉ በመጀመሪያ በእኛ በዐዋቂዎች ላይ ይፈጸም። የየቁምስናው የበጎ አድራጎት ማኅበራትም እነዚህን ልጆች በስማቸው ዐውቀው፣ ሲጋራውን በሌላ ሸቀጥ እንዲተኩ በጥቂት ገንዘብ ቢረዷቸው፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

በግቢያችንና በማኅበራችን

ነገሩን ከራሳችን ደጅ እንጀምር። ከቅዳሴ በፊትና በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን በር፣ በአጥራችን ሥር፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን መስኮት ሥር አይጨስ። በሠርግና በተዝካር ጊዜ የቁምስናው ግቢ ለድግስ ሲፈቀድ ይህ አስቀድሞ ይነገር። ዕድሮቻችን ድንኳን ሲተክሉ፣ ለሚያጨሱት ከድንኳኑ ራቅ ያለ ስፍራ ቢያመለክቱ ሐዘንተኛውም አረጋውያኑም ይጠበቃሉ፤ አጫሹም አይዋረድም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተለይ በምሳሌነት ቅደሙ። ልጆችን ስታስተምሩም «አጫሽ ሁሉ ክፉ ነው» አትበሏቸው፤ ከመካከላቸው አባቱ የሚያጨስ ይኖራልና፣ አባቱን እንዲንቅ አታስተምሩት። «አካላችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው» (1ቆሮ. 6፥19) የሚለውን ትምህርት ግን አጥብቃችሁ አስተምሩ።

ሰውን ስትመክሩም አነጋገራችሁ በጌታችን ትምህርት መሠረት (ማቴ. 18፥15) ለብቻ ይሁን፤ በሰው ፊት አታሳፍሩት። ታናሻችሁን ወይም እኩያችሁን «ወንድሜ፣ ጢሱ ወደ ሕፃናቱ እየመጣ ነውና እባክህ ጥቂት ራቅ በልልን» በሉት። ታላቃችሁን ደግሞ «ጋሼ፣ ይቅርታዎን፤ እናታችን ሳል ስላለባቸው ወደዚያ ራቅ ቢሉልን» በሉት። እንዲህ በትሕትና የተጠየቀ ሰው እንቢ የሚልበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚመከረውም ቢሆን እንደ ስድብ አይቍጠረው፤ የተጠየቀው የባልንጀራውን እስትንፋስ ነውና።

የተወደዳችሁ ወገኖች፤ እኛ የጢስን ምሥጢር የምናውቅ ሕዝብ ነን። በቅዳሴ ጊዜ ከካህኑ ማዕጠንት የሚወጣው ጢስ ወደ ላይ ሲያርግ ጸሎታችን ከእርሱ ጋር እንደሚያርግ በመዝሙረ ዳዊት (140፥2) ተምረናል። ቅዱስ ጳውሎስም እኛን ራሳችንን የክርስቶስ መልካም መዓዛ ብሎ ጠርቶናል (2ቆሮ. 2፥15)። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዓዛ ሆኖ ያረገ ሰው፣ ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ ለሕፃንና ለበሽተኛ ሳል ሊሆን አይገባውም። ከእኛ ወጥቶ ወደ ባልንጀራችን የሚሻገረው ሁሉ፣ ቃልም ቢሆን፣ ሥራም ቢሆን፣ እስትንፋስም ቢሆን፣ በእግዚአብሔር ፊት ይታወቃል። በጣራችን ዙሪያ መከታ እንሥራ፤ የለኰስነውን እሳት እንጠብቅ፤ ስለ ወንድማችን ብለን ዐሥራ አምስት ርምጃ እንራመድ።

ለዚህም የእግዚአብሔር አብ ቸርነት፣ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ፣ የመንፈስ ቅዱስም ኃይል ከእኛ ጋር ይሁን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ለውይይት

1. በዘዳ. 22፥8 እና በዘፀ. 22፥6 የተጻፉትን ትእዛዛት አንብቡ። በእኛ መንደር ዛሬ «መከታ» የሚያስፈልገው ምን ምን ነገር ነው?

2. በቁምስናችን ግቢ፣ በዕድራችንና በሥራ ቦታችን ከጢሱ መሸሽ የማይችሉት እነማን ናቸው? ለእነርሱ ምን ልናደርግ እንችላለን?

3. ማጨስን ለመተው የሚታገል ወንድም ወይም እኅት በማኅበራችን ቢኖር፣ ሳናሳፍረው እንዴት ልንረዳው እንችላለን?